ማጥቆርና መጻፍ

በአገራችን አንድ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ተምሮ፣ አንዲት የራሱን ዓረፍተ ነገር ሳይጽፍ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይችላል። ልጁን መውቀሴ አይደለም፤ ፈተናው ነው እንደዚያ የተሠራው። ማትሪክ ስንለው የኖርነው ፈተና ስሙም ክፍሉም ስንት ጊዜ ተቀያየረ፣ ጥያቄው ግን ዛሬም ከነምርጫው ይመጣል፤ ተማሪው ያወቀውንም ያላወቀውንም ያጠቁራል። የአንቀጽ አጻጻፍ ይመዝናል የተባለው ክፍል እንኳ የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮች ይሰጥና ትክክለኛው ቅደም ተከተል የቱ ነው ብሎ ይጠይቃል። ሌላ ሰው የጻፈውን አስተካክሎ ማጥቆር ማለት ነው።

እኔ እንግሊዝኛ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከኮተቤ መምህራን ኮሌጅ በዲፕሎማ ወጥቼ በ1978 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ከተመደብኩበት ቀን ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ስታገል የኖርኩት ከዚሁ ከማጥቆር ጋር ነው። አብዛኛውን ጊዜ እሱ አሸንፏል። አንዳንዴ ግን አላሸነፈም፤ እነዚያ ቀኖች ናቸው ዛሬ ደጋግመው የሚመጡብኝ።

ከራሴ ትምህርት ልጀምር። በእኛ ጊዜ እስከ ስድስተኛ ክፍል ሁሉም ነገር በአማርኛ ነበር፤ እንግሊዝኛ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፣ ሰባተኛ ሲገባ ደግሞ ሳይንሱም ታሪኩም ሒሳቡም በአንድ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሮ ለመጣ ልጅ ኤቢሲዲ ግራ ያጋባል። ሀ ሁ ያለ ልጅ አንድ ምልክት ከነአናባቢው አንድ ድምፅ ነው ብሎ አምኗል፤ ‘በ’ን ካየ ‘በ’ ነው፣ ክርክር የለውም። እንግሊዝኛው ላይ ግን ፊደሉ ስም አለው፣ ድምፁ ሌላ ነው። ‘ካት’ የሚለውን ቃል ሲ፣ ኤ፣ ቲ ብሎ ጠርቶ ሲያበቃ ‘ሲኤቲ’ እንጂ ‘ካት’ የሚባል ነገር ከየት እንደመጣ አይታየውም። መምህራችን ይህን ከማስረዳት ይልቅ በዜማ አሸመደዱን። ፒ ዩ ቲ ‘ፑት’ ከሆነ ቢ ዩ ቲ ለምን ‘ቡት’ አይሆንም ብሎ የጠየቀ አንድ የክፍላችን ልጅ ጆሮው ተቆንጥጦ ተቀመጠ። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። እኔም በኋላ ኮሌጅ ገብቼ እንኳ አጥጋቢ መልስ አላገኘሁለትም።

ዘጠነኛ ክፍል ያስተማሩን ሰው ደግሞ የፒስ ኮር ፍሬ ነበሩ። አሜሪካኖቹ በጎ ፈቃደኞች በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ገደማ ሦስት መቶ ለመሙላት ጥቂት የቀራቸው ሆነው መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበትነው ነበር፤ እኛ ስንደርስ ግን ጠቅልለው ወጥተዋል። መምህራችን ስለ አስተማሪያቸው የሚያወሩት ስለ ጊታሩ ወይም ስለ ሱሪው አልነበረም። ዓርብ ዓርብ አንድ ገጽ ያስጽፋቸው ነበር። ስለ ምንም ይሁን። ማርክ አይሰጥም፤ ከሥር ግን እሱም ሁለት ሦስት መስመር ይመልስላቸዋል። ‘በሬው ከተሰረቀ በኋላ አባትህ ምን አደረጉ?’ ብሎ ይጠይቃል። ልጁ በሚቀጥለው ዓርብ ምን እንዳደረጉ ይጽፋል። መምህራችን ያንን ደብተር ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አስቀምጠውት አንድ ቀን አምጥተው አሳዩን፤ ልናነብ ስንጋፋ ግን ነጠቁን።

በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። በኋላ ዘመቻው በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ እኔ የደረሰኝ አማርኛ ነበር፣ ጅሩ ውስጥ፣ በአንድ የገበሬ ማኅበር አዳራሽ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆኜ የአያቴን እኩያ ሀ በሉ ማለት ያሳፍረኝ ነበር። አንዲት እማማ ግን አንድም ቀን አልቀሩም። ልጃቸው ወታደር ሆኖ ሰሜን ነው። ደብዳቤ የሚጽፍላቸው የሰፈሩ አንድ ደብተራ ነበርና፣ ለልጃቸው የሚሉትን ሁሉ መጀመሪያ ለሰውዬው መንገር ነበረባቸው። ‘ልጄ፣ እሱ ሳይሰማኝ ልጽፍ ነው የምማረው’ አሉኝ።

ጻፉ። ከብዙ ወራት በኋላ፣ ፊደሉ አንዱ ከመስመር በላይ አንዱ ከመስመር በታች እየሆነ፣ ቃላቱን በሁለት ነጥብ እየለዩ ጻፉ። እንደ ደብተራው ‘ለጤናህ እንደምን ከርመሃል፣ እኔ ከናፍቆትህ በቀር’ የሚለው ነገር ጨርሶ የለበትም። የጻፍኩት እኔ እናትህ ነኝ ብለው ጀመሩ፤ ላሟ እንደወለደች፣ የእህቱ ባል እንደሚማታ፣ ይህን ለማንም እንዳይናገር ጻፉ። አለቀ። ከዚያ በኋላ በሕይወቴ ብዙ ጽሑፍ አርሜያለሁ። ለማን እንደሚጽፍና ለምን እንደሚጽፍ ያንን ያህል የሚያውቅ ጸሐፊ ግን እምብዛም አልገጠመኝም።

ደብረ ብርሃን ስገባ የጠበቀኝ ሌላ ነበር። ጥዋት ፈረቃ ላይ ልጆቹ የፀሐዩን ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ደወል ይጠብቃሉ፤ ገብተው ሲቀመጡ ጣታቸው ብዕር አይጨብጥም። በአንድ ዴስክ ሦስት፣ በአንድ ክፍል ሰባ። የመጀመሪያ የድርሰት ሥራ ሰጥቼ ደብተሮቹን ወደ ቤት ተሸክሜ ሄድኩ። የመጀመሪያው ልጅ ስለ ላም ጽፏል። ላም የቤት እንስሳ ናት፣ አራት እግር አላት፣ ወተት ትሰጠናለች። ሁለተኛውም ላም። አሥረኛውም ላም፤ ከነኮማው። እኔ የሰጠሁት ርዕስ ‘የሰፈሬ ገበያ’ ነበር። ከአንዱ ዓመት ወደ አንዱ ዓመት፣ ከታላቅ ወንድም ወደ ታናሽ ሲወራረስ የመጣ ድርሰት መሆኑን በኋላ ነው የተረዳሁት፤ ጎበዞቹ ላሟን ገበያ ወስደው ሸጠዋታል።

ሳቅሁ እንጂ አልተቆጣሁም። ልጆቹ ሞኞች አልነበሩም። የማይሳሳቱበትን ነገር ነበር የሰጡኝ። እንግሊዝኛ ማለት የሚሳሳቱበትና በቀይ ብዕር የሚታረሙበት ነገር ከሆነ፣ አስተዋይ ልጅ የታረመውን ላም ይዞ ይኖራል።

ሌላው ችግር የሒሳብ ነበር። አምስት ክፍል፣ በየክፍሉ ሰባ ልጅ፤ ሦስት መቶ ሃምሳ ደብተር። ለአንዱ ሦስት ደቂቃ ብሰጥ አሥራ ሰባት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ ለአንድ አንቀጽ። መምህራን ማስጻፍን የተዉት ሰንፈው ነው የሚል ሰው ካለ ይህችን ሒሳብ ይሥራት። የፈተናው ወረቀትስ? የመልሱን ወረቀት አንዴ በስቶ ላያቸው ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ክፍሉ በሙሉ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይታረማል። ልጆቹም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ‘ቲቸር፣ ይሄ ማትሪክ ላይ ይመጣል?’ አይመጣም። ውሸት አልነግራቸውም።

እንደምንም መላ ተገኘ። ሁሉንም ስህተት ማረም ተውኩ። በዚህ ሳምንት ግስ ላይ የሚጨመረውን ኤስ ብቻ አከብባለሁ፣ በሚቀጥለው አርቲክሉን። የቀረውን ዓይቼ አልፋለሁ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደብተር አገላብጠው ‘ይሄ ሁሉ ስህተት ሳይታረም?’ ብለው ገላምጠውኛል። ሁለተኛው መላ ከመጻፋቸው በፊት እንዲያወሩ ማድረግ ነበር፣ በአማርኛ። ይህ ደግሞ የባሰ ነውር ነው፤ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ የተናገረ ልጅ ሳንቲም በሚቀጣበት ዘመን። እኔ ግን አንድ ነገር ተገልጦልኝ ነበር፤ ልጆቹ የጎደላቸው እንግሊዝኛ ብቻ አልነበረም። በአማርኛም ቢሆን የራሳቸውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጽፈው አያውቁም።

‘ቤታችሁ ውስጥ የሚሠራ አንድ ሥራ ምረጡ። እኔ ነገ ተነስቼ መሥራት እንድችል አድርጋችሁ ጻፉልኝ’ አልኳቸው። ‘መጀመሪያ ለጎናችሁ ልጅ አውሩለት፤ ያልገባው ካለ ያቋርጣችሁ።’ ክፍሉ ገበያ ሆነ። አንደኛው ስለ ብርድ ልብስ ፋብሪካው ያወራል፣ አባቱ እዚያ ነው የሚሠሩት። ሌላው ኩበት እንዴት እንደሚጠፈጠፍ። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ደብተሯ ሁልጊዜ ከቀን በቀር ምንም አይጻፍበትም። እናቷ ጠላ ሻጭ ናቸው። ያን ቀን ጎረቤቷ ሲያቋርጣት እየተቆጣች ‘ቆይ፣ ጌሾው መቼ ገባና!’ ስትል ሰማኋት።

ጻፈችው። ‘ፈርስት ማይ ማዘር ዋሽ ዘ ጋን ዊዝ ግራዋ። ዜን ሺ ስሞክ ዘ ጋን ዊዝ ወይራ።’ ጋኑን ታጨሰዋለች? ልሰርዘው ብዕሬን አነሳሁ፤ ቆይቼ ሳስበው ልክ ነው፣ እንግሊዙም ዓሣውን ሲያጥን የሚለው ይህንኑ ነው። ከዚያ ጌሾና ብቅሉ ተጠነሰሰ፣ ሦስት ቀን ቆየ፣ ቂጣው ተጋግሮ ተቆራርሶ ገባ፣ ድፍድፉ ተከደነ፣ በመጨረሻም ውሃ ተሞላ። ግሶቹ ሁሉ ኤስ የላቸውም። እሱን አከበብኩ። ከሥር ደግሞ እንደዚያ አሜሪካዊ ‘ለምን ሦስት ቀን?’ ብዬ ጻፍኩ። በማግሥቱ ደብተሩ ሲመለስ ግሶቹ ከነኤሳቸው ነበሩ፤ ከሥር አንዲት አዲስ ዓረፍተ ነገር አለች። ‘ቢኮዝ ደብረ ብርሃን ኢዝ ኮልድ።’ በቆላ ጥንስሱ ቶሎ እንደሚነሳ ታውቃለች ማለት ነው። በዚያ ደብተር ላይ ያየኋት የመጀመሪያዋ ‘ቢኮዝ’ ነበረች።

ይህንን ዘዴ ያገኘሁት እኔ አይደለሁም። በየመምህራን ኮሌጁ ይነገር ነበር። ሰው የሚያውቀውን ሲጽፍ ቋንቋው ይጎትተዋል፤ ስለማያውቀው ሲጽፍ ደግሞ ቋንቋውም እውቀቱም አብረው ይጠፉበታል። የውጭ ድርጅቶች በካርቶን የሚልኩልን መጻሕፍት ስለ በረዶ ሰውና ስለ ቤዝቦል ነበሩ። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ገቡ፣ ተቆለፈባቸው።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ መጣ። በብዙ ወጪ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ሰፊ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይወርዳል። መምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተሰጠችው፤ በመካከሉ ያለው የፕላዝማው ነው። ስለ ፕላዝማ ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ፤ ሁሉም ልክ ነው ብዬ አላምንም። ባዮሎጂ ላይ ልብ ሲመታ አሳይቷል፣ በእኛ ጠመኔ የማይሆን ነገር። የገጠር ልጅም እንግሊዝኛ እንደ ንግግር ሲፈስ በጆሮው ሰምቷል። ለጽሕፈት ግን መቅሠፍት ነበር። መምህርቷ ከመስኮቷ ውስጥ ሆና ‘አሁን መልሳችሁን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ’ ትላለች፤ ልጆቹ ርዕሱን ገልብጠው ሳይጨርሱ ‘ዌል ደን!’ ብላ ታመሰግናቸዋለች። ከኋላ ወንበር አንዱ ‘ምኑን?’ ይላል፤ ክፍሉ በሳቅ ያልቃል።

መብራት ሲጠፋ ግን እናመሰግን ነበር። ስክሪኑ ሲጠቁር ልጆቹ ወደ እኔ ይዞራሉ፣ እኔም ‘ወረቀት አውጡ’ እላለሁ። የዚያን ዘመን ምርጥ ጽሑፎች የመብራት ኃይል ሥራ ናቸው ማለት ይቻላል።

አንድ ደግሞ ማንም ሳያስተምራቸው የሚጽፉበት ቦታ ነበር፤ ሚኒ ሚዲያ። በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያው ዜናውን፣ ቀልዱን፣ ግጥሙን የሚያነቡት ልጆች ሌሊት ሲጽፉ ያድራሉ። ሐሙስ የእንግሊዝኛ ቀን ነበር። አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ስለ መጸዳጃ ቤቱ በእንግሊዝኛ ዜና ሠርቶ አነበበ። ሽታውን፣ የተሰበረውን በር፣ ሴቶቹ ልጆች እስከ ምሳ ሰዓት ውሃ እንደማይጠጡ፣ ለምን እንደማይጠጡም። በሰዋስው ከታየ ከሃምሳ በታች ነው። ግን ርዕሰ መምህሩ በዚያው ሳምንት አናጢ አስጠሩ። ልጁ ያን ሰሞን በግቢው ሲሄድ አንገቱ ረዝሞ ነበር። ጽሑፍ በር እንደሚያሠራ ያየ ልጅ ‘ይሄ ማትሪክ ላይ ይመጣል?’ ብሎ አይጠይቅም።

በክረምት የአንደኛ ደረጃ መምህራንን የእንግሊዝኛ ማሻሻያ ሥልጠና ላይ አግዤ ነበር። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ስላስጀመረው፣ ሁሉንም ትምህርት ብቻዋን የምትይዝ መምህርት በአንድ ሌሊት የእንግሊዝኛ መምህርት ሆናለች። እሷን ማንም አላስተማራትም። አንዲት ብዙ ዓመት ያገለገሉ መምህርት የጻፉትን አንቀጽ አራት ቦታ አጥፈው በእጄ አስጨበጡኝና ‘ለማንም እንዳያሳዩብኝ፣ ልጅ ያሳደግሁ ሰው ነኝ’ አሉኝ። ስለ ትምህርት ጥራት ስብሰባ ላይ ሲወራ ያቺ የታጠፈች ወረቀት ትዝ ትለኛለች። ጥፋቱን ወደ ታች፣ ወደ አንደኛ ደረጃ፣ ከዚያም ወደ መዋዕለ ሕፃናት ስንገፋው ኖረናል፤ ከዚያ ወዲያ መግፊያ ቦታ የለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከሜሪላንድ ደወለ። ዲቪ ደርሶት የሄደ፣ ማትሪክ ላይ እንግሊዝኛ ኤ ያመጣ ልጅ ነው። ኮሌጅ ገብቶ የመጀመሪያ ድርሰቱን ጽፏል፤ አንዱ ወገን ይህን ይላል፣ ሌላው ወገን ያንን ይላል፣ ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ሰዋስው አንድም አልሳተም። አስተማሪዋ ከሥር ‘አንተስ የት ነህ?’ ብላ ጽፋ መለሰችለት። ‘ጋሼ፣ እንዴት ነው እኔ የምለውን የምጽፈው? እንዲህ ተጠይቄ አላውቅም እኮ’ አለኝ። በስልክ ብዙ አወራን። መጨረሻ ላይ ሥራ ቦታው ስላለ አንድ የሚያናድደው ነገር እንዲጽፍ ነገርኩት፤ ፓርኪንግ ነበር የሚሠራው፣ የሚያናድደው ነገር አልጠፋም።

የ2014 ተፈታኞች ኩረጃ እንዳይኖር ተብሎ ፈተናቸውን ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲወስዱ ተደረገና ውጤቱ ጥር 2015 ላይ ወጣ፤ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2። አገር ደነገጠ። እኔ ኩረጃው መዘጋቱን ደግፌአለሁ፣ አሁንም እደግፋለሁ። ግን ያ ሁሉ ሠራዊት፣ ያ ሁሉ አውቶቡስ፣ ያ ሁሉ ጥበቃ ሲጠብቅ የከረመው ያንኑ ጥቁር ክብ ነው። ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ፣ ሳይኮርጅ፣ በሐቅ ያጠቁራል።

ፈተናው ላይ ልጆቹ ይጻፉ ስል ‘ማን ያርመዋል?’ ይሉኛል። ጎረቤታችን ኬንያ በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናዋ ላይ ድርሰት ታስጽፋለች፤ የተፈታኞቿ ቁጥር ከእኛ አያንስም፤ መምህራኑ ማረሚያ ማዕከል ገብተው ያርሙታል። እኛም እንሞክረው፣ አንዲት አንቀጽ ብቻ፣ በእንግሊዝኛ ወይም በአማርኛ። በ2015 ዓ.ም. የተፈተኑት ስምንት መቶ አርባ አምስት ሺህ ገደማ ነበሩ። ሦስት ሺህ የእንግሊዝኛ መምህራን ቢጠሩ ለአንዱ ሁለት መቶ ሰማንያ ገደማ ወረቀት ይደርሰዋል። እንደ ድሮዬ ለአንዱ ሦስት ደቂቃ ብንይዝ አሥራ አራት ሰዓት ነው፤ ሁለት ቀን። እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ክረምቱን ሙሉ ሥራ የለኝም፣ አበልም አልጠይቅም። ሦስት ደቂቃዋ ግን ታንሳለች፤ አራት ይደረግ።